እማማ እድፍ እና ሰማያዊው ምልክት

እና ፊቴን ወደ ግራ ሳዞር ምን ሊያይ ነው፣ ጆሮዬን ነው፣ ጆሮ ምን ይመሰክራል፣ መጀመሪያ መታወቂያሽን አምጪ አለችኝ የልጅ ልጄ፣ ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ አንስተን እንልካለን፣ ከዚያ ካሜራው ግራ ቀኝ እያስዞረ ያይሻል፣ ከዚያ ገጽሽ ላይ ከስምሽ ጎን ሰማያዊ ምልክት ይለጥፉልሻል፣ ይቺ እውነተኛዋ ናት የሚል፣ በቃ እማማ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ለእሷ ሁሉም ነገር አምስት ደቂቃ ነው፣ እኔ ደግሞ መታወቂያውን ላምጣ ብዬ መኝታ ክፍል ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ፣ መታወቂያው ሳይጠፋኝ፣ በእጄ ይዤው፣ ቁም ሳጥኑን ከፈት ዘጋ እያደረግኩ፣ እንዲሰማት፣ የምፈልግ እንዲመስላት።

ማናቸው ግን እነሱ። ድርጅቱ ትለኛለች፣ እሺ በሩ የት ነው፣ ዘበኛ አለው ወይ፣ ሄጄ ብቆጣ የሚወጣ ሰው አለ ወይ፣ የለም እማማ ኮምፒዩተር ነው የሚያየው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆስፒታል ስሠራ ወረቀት አምጪ ያለኝ ሁሉ ቢያንስ ፊት ነበረው፣ ክፉም ይሁን ደግ ፊት ነበረው፣ አይኑን አይቼ ዛሬ ይሄ ሰውዬ ከሚስቱ ተጣልቷል ነገ ብመለስ ይሻለኛል እል ነበር፣ ይኼኛው ራሱ ፊት የሌለው ነገር ነው ፊትሽን አሳዪኝ የሚለኝ።

አገኘሽው ወይ እማማ። እየፈለግኩ ነው። ልምጣ ላግዝሽ። አትምጪ፣ ልብስ እየቀየርኩ ነው። ይኸው ዋሸሁ፣ በጠዋቱ፣ ገና ምንም ሳልሆን።

ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው ከአንድ ሸሚዝ ነው፣ የእሷው ሸሚዝ፣ ኪሱ ላይ እስክርቢቶ ፈሶበት ልትጥለው ስትል ነጠቅኳት፣ እያጠብኩ አወራለሁ፣ እኔ እጄ ሲሠራ አፌ አይዘጋም፣ ሙቅ ውሃ እንዳታስነኪው ልጄ፣ ሙቅ ውሃ ያሰርገዋል እንጂ አያወጣውም፣ ደምም እንደዚያው ነው፣ ደም የሚፈልገው ቀዝቃዛ ነው፣ ከቀዶ ጥገና ክፍል የሚመጣውን አንሶላ በሙቅ ያጠበች ሴት ነበረች፣ ዕድሜዋን በሙሉ ቡናማ አንሶላ ስታሰጣ ኖረች፣ ይህን ሁሉ ሳወራ ለካ እሷ በስልኳ ትቀርጸኛለች፣ በነጋታው ሰባት ሺህ ሰው አየሽ አለችኝ፣ ሰባት ሺህ፣ ፀጉሬን ሳላበጥር። አሁን ሁለት መቶ ሺህ ሰው ይከተልሻል ትላለች፣ ወዴት ነው የሚከተሉኝ፣ እኔ ከዚህ ወንበር ተነስቼ አላውቅ። እማማ እድፍ የሚለውን ከታች ከሚጽፉት አንዱ አወጣው፣ ቀረ፣ እማማ እድፍ የህፃን ትውከት በምን ይለቃል፣ እማማ እድፍ ግራሶ፣ እማማ እድፍ የባሌ ኮሌታ ላይ ሊፕስቲክ አገኘሁ በምን ላስለቅቀው፣ ኮሌታውን ተይውና ባልሽን ዘፍዝፊው በያት አልኳት፣ ጻፈችው፣ በዚያች ብቻ አገር ሳቀ።

ደስ ይለኛል፣ ለምን እዋሻለሁ። ሆስፒታል ምድር ቤት ሳለሁ እኔ አለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም፣ ሐኪሙ ነጭ ጋውኑን ለብሶ ሲወጣ ጋውኑ እንዴት ነጭ እንደሆነ አይጠይቅም፣ አሁን ይጠይቁኛል፣ እማማ ብለው።

ከዚያ ያኛዋ መጣች። ወይም ያኛው፣ ሴት ይሁን ወንድ አናውቅም፣ ሌላ ገጽ ከፍቶ፣ የእኔን ፊት፣ የእኔን ድምፅ ቆራርጦ ገጣጥሞ፣ እኔ ያላልኩትን እኔ ስል ታየሁ፣ ልጆቼ የእማማን ዱቄት ግዙ ስል፣ የማላውቀውን ነጭ ዱቄት በፌስታል ይዞ ከፊቴ አጠገብ አስቀምጦ፣ አፌ ሲንቀሳቀስ አየሁት፣ የራስን አፍ ሰው ሲያንቀሳቅሰው ማየት፣ ምን ብዬ ልንገር፣ ሞቼ አፌን ሲገጥሙልኝ ያየሁ መሰለኝ።

ይህ ብቻ ቢሆን በቻልኩት። አንዲት ልጅ ባትልክ ኖሮ፣ የሆቴል ዕቃ አጣቢ፣ ሁለት መዳፏን ዘርግታ ፎቶ አንስታ ላከችልን፣ ቆዳው ተልጦ፣ በጣቶቿ መሃል ቀልቶ፣ እማማ እርስዎን አምኜ ነው በባዶ እጄ የዘፈዘፍኩት ብላ፣ ስድብ የለው ቁጣ የለው፣ እርስዎን አምኜ ነው ብቻ፣ ዱቄቱ ምን እንደሆነ ከመዳፏ አወቅኩት፣ ኮስቲክ ሶዳ ነው፣ የቧንቧ መክፈቻ፣ እኛ ምድር ቤት እስከ ክርን ጓንት ሳናደርግ ጣሳውን አንነካም ነበር። ሦስት ሌሎች ጻፉ። ነገ ስንት ይሆናሉ፣ ህፃን ልጅ ባልዲው ውስጥ እጁን ቢከትስ። የልጅ ልጄ ለድርጅቱ ሪፖርት አደረገች፣ ጓደኞቿን ሰብስባ ሪፖርት አስደረገች፣ ያ ሌባ ምን ብሎ ቢጽፍ ጥሩ ነው፣ ፌኳ እሷ ናት፣ አስመሳይዋ፣ እውነተኛዋ እኔ ነኝ፣ እውነተኛ ከሆነች ምልክት የት አላት፣ ሰዉም አመነው፣ እውነትም ምልክት የላትም አለ፣ አያችሁት ልጅ፣ የእኔን ፊት ለብሶ እኔን ማነሽ ይለኛል።

እና ምልክቱ ካልመጣ አይቆምም። ይሄን አውቃለሁ። ሞኝ አይደለሁም።

ግን አንድ ነገር አለ፣ ልጅቷን፣ የልጅ ልጄን፣ ከሰኞ ጀምሮ እያየኋት ነው፣ ስልክ ሲደወልላት ወደ ደረጃው ትወጣለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እሺ፣ ዛሬስ፣ አሳዪኝ እስቲ፣ ትላለች፣ እኔ ስጠጋ ስክሪኑን ወደ ደረቷ ትገለብጠዋለች፣ ማነው ስላት ጓደኛዬ ነች ትላለች፣ የትኛዋ ጓደኛ ናት በቀን ሦስቴ አሳዪኝ የምትባለው፣ እና ደግሞ እስቲ አስቢ አንቺ ሴትዮ፣ የእኔ ፊት በብዛት ያለው በማን ስልክ ውስጥ ነው፣ ድምፄ ያለው በማን ስልክ ነው፣ ተይ፣ ተይ እንጂ፣ ጡጦዋን አጥበሽ ያሳደግሻትን፣ አፍሽን ቁረጪው፣ አፌ የት አለ እያሰብኩ ነው እንጂ፣ ሀሳብ ደግሞ በበር አይገባ፣ አሁን መታወቂያውን እንድሰጣት የቸኮለችው ለምንድነው፣ አምስት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ።

አይ። እውነቱን እንነጋገር፣ ማንም የለ፣ ቁም ሳጥኑና እኔ ነን። የምጠረጥረው እሷን አይደለም። መታወቂያውን ነው።

ማንበብ አልችልም፣ ግን ይህን ስም በቅርጹ አውቀዋለሁ፣ መጀመሪያው እንደ ማንጠልጠያ ጎበጥ ያለ፣ መጨረሻው ሁለት እግር ያለው፣ ደመወዝ ስፈርም፣ ጋብቻ ስፈርም፣ ጡረታ ስወጣ፣ ይህንኑ ስም ነው ያሳዩኝ፣ ፎቶው የእኔ ነው፣ አፍንጫው የእኔ ነው፣ ስሙ የእህቴ ነው።

አሁን አልኩት። በሀሳቤም ቢሆን ስንት ዓመቴ ነው ካልኩት።

እህቴ አሥራ ስምንት ሞልቷት ነበር ትኩሳቱ ሲወስዳት፣ እኔ አሥራ አራት፣ አባት የለን፣ እናቴ ወገቧ ተይዞ አልጋ ላይ፣ ሆስፒታሉ ለልብስ ማጠቢያ ክፍል ሴቶች ይቀጥራል ተባለ፣ ግን አሥራ ስምንት የሞላት፣ ወረቀት ያላት፣ እናቴ ከትራሷ ስር የእህቴን የልደት ወረቀት አወጣች፣ መሞቷን ለየትኛውም ቢሮ ሄደን አልተናገርንም ነበር፣ ማን ይሄዳል፣ በምን እግር፣ ይሄ ወረቀት ከሚበሰብስ አንቺ ብትበዪበት እህትሽ አትቀየምም አለችኝ፣ ይዤ ሄድኩ፣ ቀጣሪው ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የት ነበርሽ ቁመትሽን ጥለሽው ነው እንዴ አለኝ፣ አባቴን ወጥቼ ነው አልኩት፣ ሳቀ፣ ማህተሙን መታ። በቃ። እሱም አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም።

መጀመሪያው ሰሞን በእህቴ ስም ሲጠሩኝ ዝም እል ነበር፣ የአጣቢዎቹ አለቃ ጆሮዋ ችግር አለበት ብላ ለሐኪም አስመረመረችኝ፣ ሐኪሙ ጆሮዬን በመብራት እያየ ይሄ ጆሮ ከእኔ ይሻላል አለ፣ ከዚያ በኋላ ለመድኩት፣ ባሌ በዚያ ስም አገባኝ፣ ልጆቼ በዚያ ስም እናታችን አሉኝ፣ አንድም ቀን አልነገርኳቸውም፣ መጀመሪያ ከሥራ ያባርሩኛል ብዬ፣ በኋላ ደግሞ ጊዜው አለፈ፣ እናቴ ብቻ፣ ሰው በሌለበት፣ በእውነተኛው ስሜ ትጠራኝ ነበር፣ እናቴ ስትሞት ስሜም አብሮ ገባ፣ ከዚያ ወዲህ ማንም አልጠራኝም፣ ሲጻፍ እንኳ ምን እንደሚመስል አላውቅም፣ አይቼው አላውቅማ።

ታዲያ አሁን ይህን ወረቀት ለዚያ ለማያየኝ ነገር ሰጥቼ እሷ ነኝ ልበል፣ ኮምፒዩተር ሁሉን ያውቃል ይላሉ፣ የት እንደሄድሽ ያውቃል፣ ምን እንደበላሽ ያውቃል፣ እህቴን ቢያውቃትስ፣ ይቺ ሴትዮ ከስልሳ ዓመት በፊት ሞታለች ቢልስ፣ ጡረታዬን ቢነጥቁኝ፣ ያ ሌባ ሰምቶ ነግሬያችሁ አልነበር ቢል፣ ፌኳ እሷ ናት፣ እና ያን ቀን ምን ልለው ነው፣ እውነቱን ነው እኮ።

እማማ፣ ልግባ ወይስ ፖሊስ ልጥራ። መጣሁ፣ መጣሁ አንቺ ጥድፊያ።

ወጣሁ። ጠረጴዛው ላይ ብርሃኑ በደንብ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፋ ትጠብቀኛለች፣ መታወቂያውን ተቀብላ አስተኛችው፣ ቀጭ፣ ገለበጠችው፣ ቀጭ፣ ስሙንማ አልተጠራጠረችም፣ የምታውቀው አያቷን ነው፣ ከስር ሰው የሚጠራሽ ስም የሚል ቦታ አለ እማማ እድፍ አልኩበት አለች፣ ከዚያ አነበበችልኝ፣ ከላይ የሰጠሁት ማስረጃ የራሴና ትክክለኛ መሆኑን አረጋግጣለሁ፣ አዎ የሚለውን ራስሽ ንኪው እማማ፣ የእኔ ጣት አይሆንም፣ ያንቺ ነው መሆን ያለበት።

የራሴና ትክክለኛ። በዚህ ሁሉ ዘመን እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ወረቀቱን ያያሉ፣ ይመቱታል፣ ያልፋሉ። እኔም ጠይቀውኝ አልዋሸሁም ነበር፣ ዝም ነው ያልኩት፣ ዝምታና ውሸት አንድ አይደሉም እያልኩ ስንት ዓመት አድሬበታለሁ።

ጣቴ አልወርድ አለ። ምን ሆንሽ፣ እማማ፣ ገርጥተሻል እኮ፣ ልብሽን ነው እንዴ። ስልኩን ከእጇ ወሰድኩት፣ ወደ ማድቤት ይዤው ገባሁ፣ ትልቁ ድስት ውስጥ አስተኛሁት፣ ክዳኑን ገጠምኩበት፣ በክዳኑ ላይ ፎጣ ጣልኩበት፣ ቆማ ታየኛለች፣ እማማ ስልኬን ልትቀቅዪው ነው። ስልክ ሰው ይሰማል ብለሽኝ የለ። እኔ ይሰማል ያልኩሽ ማስታወቂያ ለመላክ ብሎ ነው። ለማስታወቂያ የሚሰማ ለሌላውም ይሰማል፣ ነይ፣ ጠጋ በይ።

ግን ቆይ። መጀመሪያ እሷን መጠየቅ አለብኝ፣ ካልጠየቅኩ አልነግራትም፣ ማነው በደረጃው ላይ አሳዪኝ የምትዪው፣ በቀን ሦስቴ፣ ደነገጠች፣ ዕቃ አጣቢዋን ነው አለች፣ እጇን ነው አሳዪኝ የምላት፣ እያመረቀዘ እንደሆነ አያለሁ፣ ሐኪም ቤት አልሄድም ብላ ነበር፣ ትናንት ወሰድኳት፣ አንቺ እንዳታዝኚ ብዬ ነው የደበቅኩሽ፣ አንድ ጣቷ አልታጠፍ ብሏታል እማማ፣ የቀኝ እጇ።

አንድ ጣት። አጣቢ ሆና።

እና ነገርኳት። ቆሜ፣ ድስቱን ተደግፌ፣ እህቴን፣ ወረቀቱን፣ ቀጣሪውን፣ አንድ ጊዜ ከጀመርኩ መቼ ያቆመኛል፣ ጆሮዬን የመረመረውን ሐኪም ሳይቀር ነገርኳት፣ ስጨርስ ትስቃለች ወይ ታለቅሳለች ብዬ ፊቷን አያለሁ፣ ሁለቱንም አላደረገችም፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ቆይ እማማ አለች፣ ታዲያ አንቺ ስምሽ ማነው።

ጆሮዋ ውስጥ ነገርኳት፣ በሹክሹክታ፣ ምላሴ ላይ ባዳ ሆኖብኝ፣ የኤሌክትሪክ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፈችልኝ፣ ሦስት ፊደል፣ ይኼ ብቻ ነው እንዴ፣ ሰፊ ይመስለኝ ነበር፣ ተነስታ ውሃ ልትጠጣ ወደ ቧንቧው ሄደች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ ልክ ከሌላ ክፍል ሰው እንደምትጠራ፣ በዚያ ስም ጠራችኝ፣ አቤት አልኩ፣ ሳላስበው፣ እንደ ልጅ፣ ድምፄ ቀጥኖ።

 ቧንቧው ይንጠባጠባል፣ ማጠቢያው ውስጥ።

እንተወው ከፈለግሽ አለችኝ ቆይታ፣ አላስገድድሽም፣ ገጹንም እንዝጋው፣ ማንም አይጎዳሽም። ስለ እኔ ማን ጠየቀሽ፣ ገጹን ብዘጋው ያ ሌባ ይዘጋል ወይ፣ ያኔማ ብቻውን ነው የሚቀረው፣ በእኔ ፊት። ካወቁብሽስ። ካወቁብኝ በአሥራ አራት ዓመቴ አንሶላ ያጠብኩትን ይክሰሱኝ፣ ፍርድ ቤት ወንበር ይስጡኝ ብቻ፣ ፍርዱን ቁሜ ልስማ ብል ጉልበቴ አይችልም። እንዲህ አልኳት፣ አፌ ነው እንጂ ደፋሩ ሆዴ ውስጥ ሌላ ነው፣ ሆዴ ውስጥ ገና ተቀምጬ ቁም ሳጥን እከፍታለሁ እዘጋለሁ። ያቺ ጣት ግን አልታጠፍ አለች። የእኔ ስም ቢጣመም ልብስ ይታጠብበታል፣ ጣት ከተጣመመ አይታጠብበትም።

ስልኩን አውጪው አልኳት።

ነካሁት። አዎ የሚለውን። ጣቴ ሸካራ ስለሆነ አልሰማ ብሎ ሦስቴ ነካሁት፣ ሦስቴ ዋሸሁ ማለት ነው፣ ወይም አንዴ፣ እግዜር እንዴት እንደሚቆጥረው አላውቅም። ከዚያ ፊት መጣ፣ የእኔው ፊት፣ በክብ ውስጥ፣ ወደ ግራ አዙሪ፣ አዞርኩ፣ ወደ ቀኝ፣ ቀና በይ፣ አትሳቂ እማማ፣ አልሳቅኩም ፊቴ ነው እንዲህ የሆነው፣ እንዲህ ቀርቦ ያየኝ የለም፣ ባሌም እንዲህ አላየኝም፣ አሁን ያውቀኛል፣ አሁን ያውቀኛል ስል፣ እናመሰግናለን አለ።

ከሰዓት በኋላ ልብስ እያሰጣሁ እየሮጠች መጣች፣ ገባ፣ ምልክቱ ገባ፣ እንኪ እዪው፣ አየሁት፣ ትንሽ ሰማያዊ ነገር፣ የበርበሬ ፍሬ የምታህል፣ ይሄ ነው ሰውን ሰው የሚያሰኘው፣ የሌባው ገጽም ተዘጋ አለች፣ አንድ ሰዓት አልሞላም፣ ደስ ሊለኝ ሲል ቆመ፣ ቆይ፣ ቆይ እንጂ፣ እኔን እኮ ነው ያለፈኝ፣ ግራ ቀኝ ገልብጦ፣ ጆሮዬን ሳይቀር አይቶ፣ ይቺ ትክክለኛዋ ናት አለ፣ ትክክል ያልሆነውን ወረቀት ይዤ፣ ስልሳ ዓመት የፈራሁት ይሄን ነው፣ ምንም የማያውቀውን፣ ታዲያ እኔን እንዲህ ካሳለፈ ስንቱን አሳልፏል፣ ይሄ ሰማያዊ ስንቱ ጋ ተለጥፏል፣ ነገ ያ ሌባ አንዱን ወረቀት ይዞ ቢመጣ ለእሱም እናመሰግናለን ሊለው ነው።

ዕቃ አጣቢዋ ጽፋለች፣ ተነበበልኝ፣ እማማ ምልክቱን አየሁት፣ አሁን እርስዎ መሆንዎን አውቄያለሁ፣ ከአሁን በኋላ ምልክት ያለበትን ብቻ ነው የማምነው፣ ፋሻዋን ፈትታ በፎቶ አሳይታኛለች፣ ጣቷ ገና ነው።

ይሄውልሽ ጉዱ፣ የማሰጣውን ልብስ ጣልኩና ጻፊላት አልኳት፣ ምን ብዬ፣ ልጄ በያት፣ ምልክት አይተሽ እጅሽን እንዳትነክሪ፣ የማታውቂው ዱቄት ሲመጣ አሮጌ ጨርቅ አርጥበሽ ትንሽ ነስንሺበት፣ በርቀት ቆመሽ ቁጠሪ፣ ከዚያ የእጅሽን ጀርባ ከጨርቁ በላይ አስጠጊ፣ እንዳትነኪው፣ ሙቀት ከወጣው ዱቄቱ ሳሙና አይደለም፣ ማንም ቢሆን የሰጠሽ፣ ሐኪም ቢሆን፣ እናትሽ ብትሆን፣ እኔም ብሆን፣ ሰማያዊውም ቢኖረኝ፣ መጀመሪያ በጨርቁ፣ እኔም ብሆን የሚለውን ሁለቴ ጻፊው፣ ጻፍሽው፣ ጻፍኩት፣ ከማን ልበል እማማ፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ ጣቷን ስልኩ ላይ አንጠልጥላ፣ የትኛውን ስም እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ፣ የወረቀቱ የእህቴ ነው፣ እናቴ የምትጠራኝ ደግሞ ለአንቺና ለእኔ ይበቃናል፣ እማማ እድፍ በያት፣ እሱን ያገኘሁት በእጄ ነው።